ወደ ግቢያችን ስለሚመጡት ወፎች

(በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር ለጋዜጣ አንባቢዎች እንዲስማማ ሆኖ የቀረበ)

በአገራችን አንድ ሰው ከዘመድ ከወዳጅ ተለይቶ ከርሞ በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ ቢል «እንደ መስቀል ወፍ ጠፍተህ ትከርማለህ» ተብሎ ይወቀሳል። በወቀሳው ውስጥ ያለውም አሳብ ይህ ነው፤ የመስቀል ወፍ አደይ አበባ ሲፈነዳ አብሮ ይመጣል፤ አበባው ሲረግፍ እርሱም ወደማይታወቅ አገር ይሄዳል፤ እስከሚመጣውም ዓመት ድረስ አይታይም የሚል ነው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ይህንኑ ስሰማና ስናገር ኖሬአለሁ። ነገር ግን አንዲት ትንሽ ደብተር ይዤ በግቢዬና ከአጥሬ ማዶ ባለው ሣር ውስጥ የሚመላለሱትን ወፎች መመልከት ከጀመርሁ ወዲህ፥ ወፉን ያለ ጥፋቱ ስንወቅሰው እንደ ኖርን ተረዳሁ። ይህ እንዴት እንደ ሆነ በንግግሬ መጨረሻ ላይ እገልጻለሁ፤ አስቀድሞ ግን ስለ ወፍ መመልከት ጥቅምና ሥርዓት ጥቂት ልናገር።

ወፍ መመልከት የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም ቀድሞ ከእነዚሁ ወገን ነበርሁ። ይሁን እንጂ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ኑሮውን ቢያስተውል፥ ከጧት እስከ ማታ ዓይኑ ከወረቀትና ከኮምፒዩተር መስተዋት አይርቅም፤ ጆሮውም ከስልክና ከመኪና ጡሩንባ አያርፍም። እንዲህ ላለው ሰው ወደ መሥሪያ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል በበረንዳው ተቀምጦ ዓይኑን ከቅርብ ወደ ሩቅ ማንሣቱ ታላቅ ዕረፍት ነው። ለዚህም ዕረፍት ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ በጀትም አይያዝለትም።

ከዕረፍቱ ሌላ ደግሞ ቁም ነገር አለበት። በአገራችን እስካሁን ከ800 በላይ የወፍ ዓይነቶች ታይተው ተመዝግበዋል። ከእነዚህም ውስጥ አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ ፈጽሞ አይገኙም። የሚያስደንቀውም ነገር፥ እነዚህ በዓለም የታወቁ ብርቅ ወፎች ሁሉ በሩቅ በረሃና በገደል ብቻ የሚኖሩ አለመሆናቸው ነው። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በአዲስ አበባ ከተማ፥ በቤታችን ሣር ላይና በጣራችን ጫፍ ላይ ይመላለሳሉ። የውጭ አገር ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎና ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሊያየው የሚመጣውን ወፍ፥ እኛ በመስኮታችን በኩል እያየነው ስሙን ሳንጠይቅ እናልፈዋለን፤ አንዳንድ ጊዜም በድንጋይ እናባርረዋለን።

ስለ አመለካከቱ ሥርዓት

ለዚህ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሰዓቱን ማወቅ ነው። አብዛኞቹ ወፎች ሌሊቱን ሳይበሉ ያድራሉ፤ ስለዚህ ጎሕ ከቀደደ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓቶች ውስጥ ምግብ ፍለጋ በብርቱ ይመላለሳሉ። ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ መመልከት ለሠራተኛም ይመቻል፤ ለወፎቹም ዋና ሰዓታቸው ነው። ከቀትር ላይ ግን ፀሐይ ስትበረታ ብዙዎቹ በጥላ ውስጥ ይሰወራሉ። እንደ ገና የሚወጡት ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነገር አንድ ስፍራ መርጦ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ነው። ወፍ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ሰው ይልቅ እጁን ከሚያወናጭፍ ሰው ይሸሻል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ምንም ላታዩ ትችላላችሁ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው ግን፥ በየጧቱ በዚያው ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰው ወፎቹ ይለምዱታል። የሩቅ መነጽር ያለው ሰው ቢጠቀምበት መልካም ነው፤ የሌለውም በዓይኑ ብቻ ብዙ ነገር ያያል።

ሦስተኛው ነገር ምን መመልከት እንደሚገባ ማወቅ ነው። ጀማሪ የሆነ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚያየው የላባውን ቀለም ነው። ቀለም ግን በብርሃን፥ በዕድሜ፥ በፆታና በወራት የሚለዋወጥ ስለ ሆነ ያታልላል። ከቀለሙ ይልቅ አስቀድማችሁ ምንቃሩን ተመልከቱ፤ ምንቃር ለወፍ እንደ ሙያ መሣሪያ ነውና። አጭርና ወፍራም ምንቃር ያለው ወፍ እህልና ዘር ይፈለፍላል፤ እንደ መርፌ የቀጠነና የታጠፈ ምንቃር ያለው ከአበባ ውስጥ ማር ይመጥጣል፤ ረጅምና ቆልማማ የሆነው አፈር ውስጥ እየሰረሰረ ትል ያወጣል፤ ጫፉ እንደ ሜንጦ የተጠመዘዘው ሥጋ ይቦጭቃል። ከምንቃሩ ቀጥሎ የጅራቱን ርዝመት፥ በምድር ላይም ሲሄድ እየዘለለ ወይም እየተራመደ መሆኑን፥ ከዚያም ድምፁን አስተውሉ። ቀለሙን በመጨረሻ ጻፉት።

ይህንንም ሁሉ ለማስታወስ አንዲት ደብተር አስፈላጊ ናት። በደብተሯም ላይ ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ዝናብ ወይም ፀሐይ መሆኑን፥ ወፉ የታየበትን ስፍራና ያደርግ የነበረውን ነገር መጻፍ ይገባል። ስሙን ያላወቃችሁ እንደ ሆነ ከመገመት ይልቅ መልኩን በእርሳስ ንደፉት። የከተማ ሰው ከቁራ፥ ከርግብ፥ ከዋኖስ፥ ከድንቢጥ፥ ከጭልፊትና ከጉጉት ያለፈ ስም እምብዛም አያውቅም፤ የቀረውን ሁሉ «ወፍ» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን በገጠር ያደገች እናታችሁን ወይም አሮጌውን ዘበኛ ብትጠይቁ፥ በየአውራጃው ለወፎች የተሰጠውን ብዙ ስም ትሰማላችሁ። ይህንንም ከንድፉ አጠገብ ጻፉት፤ የሚያውቁት ሰዎች ሲያልፉ ስሙም አብሮ ያልፋልና።

በሣሩ ላይ የሚታዩት

አሁን ደግሞ በአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ የሚታዩትን ወፎች በየስፍራቸው እንመልከት። ከሣሩ እንጀምር። ጧት ጎሕ ሳይቀድ በታላቅና በሻካራ ድምፅ እየጮኸ በጣራ ላይ የሚያልፍ ትልቅ ወፍ አለ፤ ከድምፁ የተነሣ ብዙ ሰው ሳይወድ ይነሣል። ይህ ወፍ ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ምንቃሩ ረጅምና ቆልማማ ነው፤ ከጕሮሮው በታች ቀጭን ሥጋ ይንጠለጠላል፤ ሲበርም በክንፉ ላይ ነጭ ምልክት ይታያል። በሣር ላይ በቡድን ሆኖ በቀስታ እየተራመደ ምንቃሩን ወደ አፈር ይሰድዳል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር አይገኝም።

አትክልተኛዬ ይህ ወፍ ሣሩን እየበሳ ያበላሽብናል ብሎ በጅራፍ ያባርረው ነበር። እኔም አንድ ቀን በተበሳው ስፍራ ላይ ሣሩን ገልጬ ባይ፥ ከሥሩ ሥር ነጫጭ ትሎች ተጠቅልለው ተኝተው አገኘሁ። እነዚህ ትሎች የሣሩን ሥር እየበሉ የሚያደርቁት ናቸው። ወፉ ይበሳ የነበረው እነርሱን ለማውጣት ነው። እንግዲህ ያለ ደመወዝ የሚያገለግለንን አትክልተኛ፥ ደመወዝ የምንከፍለው አትክልተኛ ሲያባርርልን ኖሯል ማለት ነው።

በዚያው ሣር ላይ ምንቃሩ ብርቱካን የመሰለ፥ ጀርባው ግራጫ፥ ሆዱ ቀላ ያለ መካከለኛ ወፍ ጥቂት ሮጥ ብሎ ቀጥ ይላል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይመለከታል፤ ወዲያውም የምድር ትል ስቦ ያወጣል። ጧት በጨለማ ከሚዘምሩት ወፎች አንዱ ይህ ነው። ከእርሱም ጋር በድምፅ የሚወዳደር ሌላ አለ፤ ከደረቱ ጀምሮ ብርቱካንማ፥ ፊቱ ጥቁር፥ ከዓይኑ በላይ ነጭ ቅንድብ ያለው ነው። ይኸኛው በቍጥቋጦ ሥር መሰወር ይወዳል፤ ጧትና ማታ ግን የሌሎችን ወፎች ድምፅ እየቀዳ ይዘምራል። ሦስት ዓይነት ወፎች ያሉ መስሏችሁ ብትፈልጉ፥ አንድ ወፍ ብቻውን ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

በአበባው ላይ የሚታየው

እሬት ወይም ራስ ኪመር ያለበት፥ ወይም የጠርሙስ መወልወያ ብሩሽ የመሰለ ቀይ አበባ የሚያወጣ ዛፍ ያለበት ግቢ አንድ ክቡር እንግዳ አያጣም። ይህም ማር የሚመጥጠው ትንሽ ወፍ ነው። ተባዕቱ ከጅራቱ መካከል ሁለት ረጃጅም ላባዎች አሉት፤ ምንቃሩ ቀጭንና ቆልማማ ነው። በጥላ ውስጥ ሲቀመጥ ጥቁር ይመስላል፤ ወደ ፀሐይ ሲዞር ግን ሐምራዊና አረንጓዴ ሆኖ እንደ ተወለወለ ብረት ያብለጨልጫል። እንስቲቱ ግን ቡናማና ጨዋ ናት።

ይህ ማብለጭለጭ ከቀለም የመጣ አይደለም። የላባው ገጽ በዓይን በማይታዩ ስስ ንብርብሮች የተሠራ ስለ ሆነ፥ የሚያርፍበትን ብርሃን እየከፋፈለ ይመልሳል፤ የሳሙና አረፋ በፀሐይ ላይ ቀለሙን እንደሚለዋውጥ ዓይነት ነው። ስለዚህ አንዱን ወፍ በጥላ ያየ ሰው «ጥቁር ነው» ሲል፥ በፀሐይ ያየው ሰው «ሐምራዊ ነው» ቢል ሁለቱም አልዋሹም።

የዚህ ወፍ የሳይንስ ስም ለእኛ የሚያኮራ ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ከአገራችን ይዞ ከሄደው ናሙና ተነሥቶ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1814 ዓመተ ምሕረት ስም ሲወጣለት በተከዜ ወንዝ ተሰየመ። ዛሬም የዓለም ሊቃውንት ሁሉ «ተከዜ» ብለው ይጠሩታል።

በእሾሁ ላይ ስለ ተገኘው አንበጣ

አንድ ቀን ዘበኛችን ፊቱ ተለውጦ ወደ እኔ መጣና «ጌታዬ፥ ከሎሚው ዛፍ ላይ ክፉ ሰው መተት አድርጎብናል» አለኝ። ሄጄ ብመለከት በሎሚው እሾህ ላይ ሁለት አንበጣዎችና አንድ ትንሽ እንሽላሊት ተሰክተው ደርቀዋል። ዘበኛው ዛፉ እንዲቈረጥና ጠበል እንዲረጭ ይፈልግ ነበር። እኔም ነገሩን ሳላውቅ ቈርጦ ማቃጠሉን ልፈቅድለት ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

በማግሥቱ ጧት ግን ወንበሬን ወደ ሎሚው አዙሬ ተቀመጥሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አድራጊው መጣ፤ ከላይ ጥቁር፥ ከታች ነጭ፥ ጅራተ ረጅም የሆነ፥ ምንቃሩ እንደ ጭልፊት የተጠመዘዘ ወፍ ነው። በአፉ አንበጣ ይዞ እሾሁ ላይ ሰክቶት ሄደ። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ይህ ወፍ እንደ ጭልፊት ሥጋ ለመብላት ቢፈጠርም እግሩ ደካማ ስለ ሆነ፥ ያደነውን በጥፍሩ ይዞ መቦጨቅ አይችልም። ስለዚህ እሾህን እንደ ሹካ አድርጎ ይጠቀምበታል፤ ከበላው የተረፈውንም ለነገ በዚያው ያስቀምጣል። ዘበኛውን ጠርቼ ባሳየሁት ጊዜ ብዙ ሳቀ፤ ከዚያም ወዲህ ወፉን ከእኔ ይልቅ የሚጠብቀው እርሱ ሆነ። አንባቢ ሆይ፤ ስንት ዛፍና ስንት ጎረቤት እንዲህ ባለው ጥርጣሬ ተቈርጦ ይሆን?

በትላልቅ ዛፎች ላይ የሚታዩት

ኮሶ፥ ወይራ፥ ጽድ ወይም ሾላ ባለበት ግቢ ደግሞ ሌሎች ይመጣሉ። ከሁሉ የሚያምረው አረንጓዴ ሆኖ ከዓይኑ ፊትና ከጆሮው በታች ነጭ ምልክት ያለው፥ በቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ የሚሮጥ ትልቅ ወፍ ነው። ሲቀመጥ ቀዩ ላባው አይታይም፤ ሲበር ግን ክንፎቹ እንደ እሳት ቀይ ይሆናሉ። ከላይ ስለ ማር መጣጩ ወፍ የተናገርሁት ብልጭታ የብርሃን ሥራ ሲሆን፥ የዚህኛው ቀይ ግን እውነተኛ ቀለም ነው፤ በውስጡም መዳብ አለበት። መዳብን በላባው ውስጥ ቀለም አድርጎ የሚይዝ ከዚህ ወፍ ወገን በቀር ሌላ አይታወቅም።

በእነዚሁ ዛፎች ላይ በጩኸት እየበረረ የሚያርፍ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀንም አለ። የተባዕቱ ግንባር ቀይ ነው፤ የእንስቲቱ ግን ሁለንተናዋ አረንጓዴ ነው። የሾላና የጽድ ፍሬ ይበላል፤ በአረጀ ዛፍ ግንድ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ይፈለፍላል። አሮጌ ዛፍ ተቈርጦ በምትኩ ባሕር ዛፍ ቢተከል፥ ለዚህ ወፍ ቤቱ ፈረሰበት ማለት ነው።

ጅራቱ ረጅም፥ ራሱ ላይ ጕትዬ ያለው፥ እንደ አይጥ በቅርንጫፍ መካከል የሚሽሎከሎከው ቡናማ ወፍ ግን እንደ ሌሎቹ አይመሰገንም። ቡቃያና ፍራፍሬ ይበላል፤ ሰላጣና ቲማቲም ለተከለ ሰው ባላጋራ ነው። እውነቱን መሸሸግ አይገባምና ይህን እናገራለሁ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ መርዝ አይደለም፤ በተከላችሁት ላይ መረብ መዘርጋት ይበቃል። ደግሞም ይህ ወፍ ብርዳማ ሌሊት ካለፈ በኋላ ከወንድሞቹ ጋር ተሰልፎ ሆዱን ወደ ፀሐይ ሰጥቶ ሲሞቅ ያየው ሰው፥ ስለ ሰላጣው የያዘውን ቂም ለጥቂት ጊዜ ይረሳል።

በጣራ ላይ ስለሚታዩት

ዛሬ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ በጋራ መኖሪያ ቤት ፎቅ ላይ ይኖራል። «እኔ ግቢ የለኝም፤ ይህ ነገር አይመለከተኝም» የሚል እንዳይኖር ስለ እርሱም ልናገር። አንገቱ ላይ ነጭ ክር ያለበት ግራጫ ርግብ ከጥንት በገደል ላይ የሚኖር የአገራችን ወፍ ሲሆን፥ የከተማን ፎቅ እንደ ገደል ቈጥሮ በጫፉ ያድራል፤ ጧትም እህል ፍለጋ ወደ እርሻ ይወጣል። ምንቃሩ እጅግ ወፍራም፥ ከማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ታላቁ ቁራም እንዲሁ የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ነው። እበት አግኝቶ ምንቃሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንደ ማጭድ እያወዛወዘ ሲበትን፥ ከውስጡም ትል ሲለቅም ከላይ ሆኖ መመልከት ይቻላል። እኛ መልእክት ይዞ የቀረን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» እያልን ስሙን ብናጠፋውም፥ በዓለም ካሉት የቁራ ወገኖች በትልቅነት ከፊተኞቹ የሚቈጠር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስታውሳለሁ። ነጭ ክር ያለውን ርግብ፥ ወፍራም ምንቃሩን ቁራ፥ ሣሩን የሚበሳውን ባለ ቆልማማ ምንቃር ወፍ፥ ነጭ ቅንድብ ያለውን ዘማሪና ቀይ ክንፍ ያለውን አረንጓዴ ወፍ፥ አምስቱንም በሳይንስ ስም የሰየማቸው አንድ ሰው ነው። እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1831 ጀምሮ በአገራችን እስከ ጎንደር ድረስ የተጓዘው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጽፏል። በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1971ም ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር በአዲስ አበባ አሳተሙ። ሆኖም በየቤታችን ግቢ ውስጥ በየወሩ የሚታየውን ነገር ከእኛ በቀር ማንም ሊጽፍልን አይችልም።

ከሩቅ አገር ስለሚመጡት እንግዶች

ከመስከረምና ከጥቅምት ጀምሮ በሣራችን ላይ ሆዳቸው ቢጫ የሆነ፥ ጅራታቸውን ሳያቋርጡ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዘውዙ ቀጫጭን ወፎች ይታያሉ። ከብት ባለበትም ከእግሩ ሥር እየሮጡ ዝንብ ይለቅማሉ። በዛፉም ቅጠል መካከል ቁመቷ ከጣት የማይበልጥ፥ አረንጓዴ ቡናማ የሆነች፥ አንድ አፍታ የማታርፍ ወፍ ትገኛለች። እነዚህ የአውሮፓና የእስያ ተወላጆች ናቸው። በዚያ ክረምቱ ሲገባ ነፍሳት ይጠፋሉ፤ እነርሱም ባሕርና በረሃ አቋርጠው ወደ እኛ ይመጣሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያም ይመለሳሉ። ይህችን ጉዞ የምታደርገው የቅጠል ወፍ የምትመዝነው 10 ግራም ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ጉዞ በኋላ በአንድ ሕፃን ወንጭፍ ብትሞት ምን ያህል ያሳዝናል!

ስለምናደርስባቸው ጉዳት

ስለ ጉዳት ስናገር ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ጥፋት መናዘዝ ይገባኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጳጉሜን፥ ለዘመን መለወጫ ቤቱ እንዲያምር ብዬ የአጥሩን ቍጥቋጦ አስከረከምሁ። ሥራው ካለቀ በኋላ ከተቈረጠው ቅጠል መካከል አንዲት ጎጆ ወድቃ አገኘሁ፤ ሦስት ጫጩቶችም ነበሩባት። እናታቸው በየጧቱ በበረንዳዬ ላይ ፍርፋሪ የምትለቅም፥ ቡናማ የሆነችና ከዓይኗ በላይ ነጭ መስመር ያላት ትንሽ ወፍ ነበረች። ጎጆዋን አንሥቼ በቀረው ቅርንጫፍ ላይ ባስቀምጥም መሸሸጊያው ተገልጦ ስለ ነበረ እስከ ማታ ድረስ አልቈዩም። እናታቸው ግን በማግሥቱም ምግብ ይዛ ተራቈተው አጥር ላይ ስትመላለስ አየኋት። ደብተሬን የጀመርሁት በዚያ ሳምንት ነው።

በደጋው አገራችን ብዙዎቹ ወፎች የሚፈለፍሉት ዝናቡን ተከትለው ነው፤ ነፍሳትና የሣር ዘር የሚበዙት ያን ጊዜ ነውና። ስለዚህ አጥር የሚከረክም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ቅርንጫፉን ገልጦ ይመልከት፤ ጎጆ ካገኘም ጫጩቶቹ እስኪበሩ ጥቂት ሳምንት ይታገሥ።

ሁለተኛው ጉዳት የአይጥ መርዝ ነው። መርዝ የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም፤ እየደከመ ወደ ሜዳ ይወጣል። ያን ጊዜ ጭልፊት ወይም ጉጉት ይዞ ይበላዋል፤ በአይጡ ሆድ ያለውም መርዝ ወደ እርሱ ይተላለፋል። ጉጉትን ሰው ሁሉ የክፉ ምልክት ነው ብሎ ይጠላዋል፤ ነገር ግን በሌሊት ተግቶ አይጥ የሚያድንልን እርሱ ነው። ጠባቂያችንን ገድለን ስንጨርስ አይጦቹ ይበዛሉ፤ እኛም መርዝ እንጨምራለን።

ሦስተኛው ወንጭፍ ነው። ልጅን ወንጭፉን ቀምቶ መቅጣት ብቻ አይበቃም፤ በምትኩ እርሳስና ደብተር ሰጥቶ «ከእኔ አስቀድመህ አሥር ዓይነት ወፍ ጻፍ» ማለት ይሻላል። ለማነጣጠር የሠለጠነ ዓይን ለማስተዋልም ይሠለጥናል።

ልናደርግላቸው ስለሚገባው

ለወፎች ከምግብ ይልቅ ውሃ ይበልጣል። ከኅዳር ጀምሮ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ በከተማ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ማግኘት ያስቸግራቸዋል። አንድ ዝርግ የሸክላ ዕቃ ወይም አሮጌ ትሪ፥ ጥልቀቱ ከሁለት ጣት የማይበልጥ፥ ድመት ከማታደባበት ገላጣ ስፍራ አስቀምጡ፤ በመካከሉም ለመቆሚያ ድንጋይ አድርጉበት። ውሃውን በየቀኑ መለወጥና ዕቃውን ማጠብ ግዴታ ነው፤ የቆሸሸ ውሃ በሽታን ከወፍ ወደ ወፍ ያስተላልፋልና። ጥቂት ማሽላ ወይም ዳጉሳ መበተን ይቻላል፤ ጨውና በርበሬ የነካው ትራፊ ግን አይሰጥም። ስፍራ ያለው ሰው አንድ የአገር ዛፍ ይትከል፤ በፎቅ ላይ የሚኖረውም በበረንዳው ላይ በቆርቆሮ እሬት ይትከል፤ ባለ ተከዜው ወፍ ፎቅ አይፈራም።

ወደ መስቀል ወፍ እንመለስ

ንግግሬን የጀመርሁት በመስቀል ወፍ ነው። ይህ ስም በየአገሩ ለተለያዩ ወፎች ይሰጣል። ከእነዚህ መካከል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው፥ ክረምት ሲገባ እንደ ጥቁር ከፋይ ያለ ልብስ ለብሶ በላዩም ላይ ቢጫ ወይም ቀይ የሚደርብ፥ በረጅም ሣር ላይ ላባውን ነፍቶ የሚበር ትንሽ ወፍ ነው። ይህን ልብስ የሚለብሰው ተባዕቱ ብቻ ነው፤ የሚለብሰውም እንስቲቱን ለመማረክና ባላጋራውን ለማስጠንቀቅ ነው። የመፈልፈያው ወራት ሲያልፍ ያ ጌጥ አያስፈልገውም፤ ለጭልፊት ዓይንም ያጋልጠዋል። ስለዚህ ላባውን ያረግፍና እንደ እንስቲቱ ቡናማ ዝንጕርጕር ይሆናል። ከድንቢጦችና ከሌሎች ዘር ለቃሚዎች ጋር ተቀላቅሎ በዚያው ሜዳ ይከርማል።

እኔም ይህን በደብተሬ አረጋገጥሁ። በመስከረም ከአጥሬ ማዶ ባለው ሣር ላይ ሦስት ጥቁርና ቢጫ ወፎች ጽፌ ነበር። በኅዳር መጨረሻ አንዱ ጀርባው ገና ቢጫ ሆኖ፥ ደረቱ ግን እንደ አሮጌ ካፖርት ቡናማና ጥቁር ተቀላቅሎበት አየሁት። በጥር ወር ከቡናማዎቹ መካከል መለየት አቃተኝ፤ ቍጥራቸው ግን አልጐደለም። ምንቃሩ ያው ነበር፤ አቀማመጡም ያው ነበር። የተለወጠው ልብሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ የመስቀል ወፍ አልከዳንም። በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚለው የእኛ ዓይን ነው። ነገ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወንበራችሁን ወደ መስኮቱ አዙሩ፤ ደብተሩንም አትርሱ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንዲት ቡናማ ወፍ ብቻ ብትጻፍም፥ ንቃችሁ አትለፏት፤ እስከ መስከረም ጠብቋት።